የታረመው ስልክ ቁጥር ለምን ወደ ድሮው ይመለስ ነበር?

ደንበኛው ስልክ ቁጥሩን ያስገባል፣ አንድ አሃዝ እንደሳተ ያይና ወዲያው ያርማል። «ተቀምጧል» ይባላል። ገጹን ሲከፍተው ግን የተሳሳተው ቁጥር ቁጭ ብሏል። ሎጉ (ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ምንም ስህተት የለም። ካሹን (ለፍጥነት ሲባል የሚቀመጠውን ጊዜያዊ ቅጂ) አጠፋሁት፤ ለውጥ የለም።

ፍንጩን ያገኘሁት የሁለቱን የአፕሊኬሽን ሰርቨሮች ሰዓት ጎን ለጎን ሳይ ነው። አንዱ በጥቂት ሰከንዶች ይቀድማል። ዳታቤዙ ካሳንድራ ነው። ካሳንድራ ደግሞ በአንድ መረጃ ላይ የተጻፉ ሁለት ለውጦች ሲጋጩ የሰዓት ማህተሙ (የተጻፈበትን ሰዓት የሚያሳየው ቁጥር) የሚበልጠውን ይይዛል። ማህተሙን የሚሰጡት እነዚሁ ሰርቨሮች ነበሩ። ስለዚህ ሰዓቱ በሚቀድመው በኩል የገባው ስህተት፣ ቆይቶ በሌላኛው በኩል የመጣውን እርማት ያሸንፈዋል።

የሰርቨሮቹን ሰዓት የሚያስተካክለው ፕሮግራም፣ ክሮኒ፣ ቆሞ ስለነበር አስነሳሁት። ችግሩ ቀነሰ፤ ግን የሁለት ማሽን ሰዓት መቼም አንድ አይሆንም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳየው መንገድ እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል፦ ክስተቶችን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ከመልእክቱ ጋር የሚጓዝ ቆጣሪ መጠቀም።

እኔም በየመዝገቡ ላይ የቨርዥን ቁጥር ጨመርኩ። አሁን ትእዛዙ «ቨርዥኑ 7 ከሆነ ብቻ ቀይር፣ 8 አድርገው» ይላል። ካልሆነ ካሳንድራ አይቀበልም፤ አፑ እንደገና አንብቦ ይሞክራል። ከጀርባ ፓክሶስ (የዳታቤዙ ማሽኖች በአንድ ውሳኔ ላይ የሚስማሙበት ዘዴ) ስለሚሠራ ይዘገያል። ለላይክ ቆጠራ አልመክረውም፤ ለስልክ ቁጥርና ለሂሳብ ግን ያዋጣል። ደግሞ በዚህ መንገድ የሚጻፍን መዝገብ ሌላ ቦታ ላይ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዳትጽፉት። ሁለቱ ከተደባለቁ ዋስትናው ይጠፋል።