የፊት ፍሬን ሸራ እቤት መቀየር፣ የደንገጎን ቁልቁለት ከመውረድህ በፊት

አቦ ፍሬን ስትይዝ ሲጢጢጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ከሰማህ ቴፑን ጨምረህ አትለፈው። በብዙ መኪና ሸራው ጎን ላይ ትንሽ ቀጭን ብረት አለች፣ ሸራው ሊያልቅ ሲል እሷ ዲስኩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) ትነካና ትጮሃለች፣ ስራዋ ራሱ እሱ ነው። ጩኸቱ ወደ ግርርር ከተቀየረ ግን ብረት ብረትን እየበላ ነው፣ ከሸራው ሌላ ዲስኩንም ልትገዛ ነው ማለት ነው። (በድሬ ወግ አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ታላቄም ብትሆን እንዳትቀየመኝ።)

የኔ ቶዮታ ቪትዝ ነች፣ ከድሬ ሳቢያን ሰፈር ሀረር እመላለስባታለሁ፣ ኮሮላም ያሪስም ብዙ አይለይም። የማወራው ስለ ፊት ዲስክ ብቻ ነው። የኋላው ድራም ከሆነ ስፕሪንግ የበዛበት ሌላ ስራ ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን አትነካካው።

ሸራ ልትገዛ ስትሄድ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ ሂድ፣ ቪትዝ ብቻ ካልክ የሚሰጡህ ልክ መሆኑ በእድል ነው። የሁለቱንም የፊት ጎማ ሸራ አንድ ላይ ነው የምትቀይረው፣ ግራውን ብቻ ቀይረህ ቀኙን ከተውክ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል። ከዛ ክሪክ፣ ካቫሌቶ (የተነሳውን መኪና የሚሸከም የብረት ማቆሚያ)፣ የጎማ መፍቻ፣ 12 እና 14 ቁልፍ፣ ሽቦ፣ የፍሬን ግሪስ፣ ሞርሴቶ (እየጠበቀ የሚገፋ መቆንጠጫ) ካለህም ጥሩ።

ጠዋት 12 ሰዓት ጀምር፣ 4 ሰዓት ካለፈ የድሬ ፀሐይ ቁልፉን ራሱ አያስይዝህም። መኪናው አሁን ከሀረር ከገባ ደግሞ ዲስኩ ያቃጥላል፣ ይቀዝቅዝ። የኛ ግቢ አሸዋ ስለሆነ ክሪኩ ስር ወፍራም ጣውላ አድርግ፣ ፍሬናማኖ ያዝ፣ የኋላ ጎማው ላይ ድንጋይ ደግፍ፣ የጎማውን ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጋቸውና ከዛ አንሳው። በክሪክ ብቻ ቆሞ እጅህን እንዳታስገባ፣ ካቫሌቶ ላይ አስቀምጠው፣ የፈታኸውንም ጎማ ከመኪናው ስር አጋድመው።

መሪውን ወደ ጎን ስታዞረው ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ብረት) ፊትህ ይመጣል። የታችኛውን ቡሎን ፈተህ ካሊፐሩን እንደ ሳጥን ክዳን ወደ ላይ ክፈተው፣ የላይኛውንም ከፈታህ በሽቦ አንጠልጥለው እንጂ በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል፣ ቱቦው ውስጡ ይቀደዳል ከውጪ ግን አይታይህም። አሮጌውን ሸራ ከማውጣትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ሌላኛውን ጎንም እንዳለ ተወው፣ ግራ ሲገባህ ሄደህ ታየዋለህ። አቧራውን በአፍህ እፍ እንዳትል፣ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ሸራው ከ3 ሚሊሜትር ካነሰ አብቅቷል። የውስጡ አልቆ የውጪው ወፍራም ከሆነ ግን ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ነክሷል፣ አልንሸራተትም ብሏል ማለት ነው፣ ይሄን ሳታስተካክል አዲስ ብታስገባም በወራት ይበላዋል። ፒኑን አውጥተህ ጠርገህ የፍሬን ግሪስ ቀባው፣ ተራ ግራሶ የፒኑን የጎማ ሽፋን ያሳብጠዋል።

አሁን ፒስተኑን (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋውን) መመለስ ነው። የፍሬን ዘይቱን ክዳን ክፈትና ዙሪያውን ጨርቅ አድርግ፣ አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ላይ ደርበህ በሞርሴቶ ቀስ እያልክ ግፋው፣ ዘይቱ ከፍ ይላል፣ የመኪናው ቀለም ላይ ከፈሰሰ ይልጠዋልና ወዲያው በውሃ እጠበው። አዲሱን አስገባ፣ ሸራው ወደ ዲስኩ፣ የጀርባ ብረቱ ከዲስኩ በተቃራኒ (አትሳቅ፣ ተገልብጦ የገባ አይቻለሁ)፣ ፊቱን በቅባት እጅ አትንካ። ካሊፐሩን መልስ፣ ቡሎኑን አጥብቅ፣ ጎማውን ግጠም፣ ሌላኛውንም ጎን እንደዚሁ፣ ዳዶዎቹን መሬት ካወረድከው በኋላ በመስቀል፣ ተቃራኒ ተቃራኒውን እያልክ አጥብቃቸው።

ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ፔዳሉን ደጋግመህ እርገጥ፣ ጠንከር እስኪልህ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ይሄን ረስቼ ወደ ኋላ ስነዳ ፔዳሉ ወለል ድረስ ገባ፣ ያቆመኝ የግቢያችን ማንጎ ነው፣ እናቴ እስከዛሬ መኪና ሳስነሳ ልጆቹን ወደ ቤት ትሰበስባለች።

ዘይቱን እየው፣ ክዳኑ ላይ ዶት 3 ካለ ዶት 3 ነው፣ የሞተር ዘይት በጭራሽ፣ የፍሬኑን የውስጥ ጎማዎች ያበላሻል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 140 ይወርዳል፣ ለዚህ ነው ደንገጎ መሃል ላይ ፔዳሉ ስፖንጅ የሚሆንብህ። ከጠቆረ አስቀይረው።

አዲሱን ሸራ በዛው ቀን ደንገጎ ላይ አትሞክረው። ወደ መልካ ጀብዱ ሜዳው ላይ ውጣ፣ ፍጥነትህን ከ50 ወደ 10 ቀስ ብለህ በፍሬን ቀንስ፣ ሙሉ ሳትቆም፣ በመሃል እየነዳህ ይቀዝቅዝ፣ አስር ጊዜ ያህል። ከዛ ሀረር ወጥተህ ስትመለስ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ እግርህን ፔዳል ላይ አታሳርፍ። ቤት ስትደርስ ዳዶዎቹን ድጋሚ ሞክር፣ እጅህን ሳታስነካ ወደ ሁለቱ የፊት ጎማ አስጠጋ፣ አንዱ ከሌላው በጣም የሚግል ከሆነ እዛ ጎን ፒስተኑ ወይ ፒኑ አልተመለሰም፣ በነጋታው እሱን ፍታው።