ልጅ ይዘሽ ሥራ ስትፈልጊ፦ ሐዋሳ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሥራዬ ሠራተኛ መቅጠር ነው። ለቃለ መጠይቅ የሚመጡ የትንሽ ልጅ እናቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ደመወዙን ነው። አይፈረድባቸውም፣ ኑሮው ይታወቃል። ነገር ግን በሁለተኛው ወር መልቀቂያ ይዘው የሚመጡት በደመወዙ ምክንያት አይደለም፤ ሰዓቱ አልገጥም ብሏቸው ነው።

የመውጫ ሰዓትን አለመጠየቅ። ይኼኛው ያናድደኛል። ማስታወቂያው ላይ «መደበኛ የሥራ ሰዓት» የሚል ያዩና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዓት ይመስላቸዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) መደበኛ የሚባለው በቀን እስከ 8፣ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ነው። 48ን ለ8 አካፍይው፣ 6 ቀን ይመጣል። ቅዳሜን ሙሉ ቀን ልትሠሪ ትችያለሽ ማለት ነው፤ ኬጂው ደግሞ ቅዳሜ ዝግ ነው።

የሰኞ እስከ ዓርቡስ? ኬጂው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን ይለቃል እንበል። አንቺ 11 ሰዓት ተኩል ትወጫለሽ። ከፒያሳ እስከ አላሙራ ባጃጅ ጠብቀሽ፣ ዝናብም ከጣለ፣ 12 ሰዓት አለፈ። ያን ሁሉ ሰዓት ልጁ ማን ጋ ነው? ይህን ሳያውቁ «እችላለሁ» ብለው ይፈርማሉ።

ካሸር አድርገን የቀጠርናት አንዲት ልጅ ነበረች፤ እጇ ፈጣን፣ ሒሳቧ ንጹሕ። ሱቁ 12 ሰዓት ይዘጋል ሲባል እሷም 12 ሰዓት የምትወጣ መስሏት ነበር። ካሸር ግን ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው ብር ቆጥራ፣ ከደረሰኝ ጋር አስታርቃ የምታስረክበው። ማታ ማታ ብሩን ስትቆጥር የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይደውላል፣ «ልጁ ብቻውን ቀረ» ይላታል፤ ቁጥሩ ይጠፋባትና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። በመጨረሻ ለቀቀች። ጎበዝ ሠራተኛ አጣን። ስለዚህ «ስንት ሰዓት ይዘጋል?» አትበይ። «ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ የነበረችው ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት ወጣች?» በይ።

ክረምትን መርሳት። ሥራ የሚፈለገው መስከረም ላይ፣ ልጁ ኬጂ ሲገባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከነጭራሹ አይታሰቡም። የዓመት ፈቃድ መነሻው 16 የሥራ ቀን ነው፣ እሱም የሚገኘው ዓመት ስትሞዪ ነው። መስከረም ላይ ከገባሽ የመጀመሪያው ክረምት ፈቃድሽ ሳይደርስ ከተፍ ይላል።

«እናቴ ትይዝልኛለች»። «ነግረሻታል?» ስል ዝም። እናትሽ የዕድር ሰው ናት፤ ለቅሶ ሲኖር ትሄዳለች፣ መሄድም አለባት። ሁለተኛ ሰው ያዢ፤ ጎረቤት ቢሆንም ከአሁኑ አነጋግሪ። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ ይችላል። ልጅ ደግሞ ኬጂ በገባ ሰሞን ጉንፋን አይለየውም። ለከባድ ችግር እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል፣ ግን በጽሑፍ ጠይቂ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ደውሎ «ልጄ አሞት ነበር» ማለት ፈቃድ አይባልም።

ሆቴል የምትፈልጊ ከሆነ ቅዳሜና እሑድን እርሺው። ለገብርኤል ንግሥ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ፈቃድ ብሎ ነገር የለም። ሁሉም ሪሴፕሽን ይላል፤ እኔ ግን ስቶርና ላውንደሪ ጠይቂ እላለሁ፣ ቀን ቀን የሚሠራባቸው ቦታዎች እዚያ ይገኛሉ።

ፋብሪካም እንዲሁ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተከፈተ ወዲህ «የምታጠባ እናት ማታ አትሠራም» ሲባል እሰማለሁ። አዋጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ የሚከለክለው ነፍሰ ጡርን ነው። ከወሊድ በኋላ ያለውን 90 ቀን ጨርሰሽ ስትመለሺ የማታ ፈረቃ ሊደርስሽ ይችላል። ፈረቃው በስንት ቀን እንደሚዞር ሳትፈርሚ ጠይቂ።

ልጅ የለኝም ማለት። አትዋሺ እህቴ። ልጅ ሲባል ፊታቸው የሚቀየር አሠሪዎች እንዳሉ አልክድም። ተደብቀሽ ብትገቢም ግን ልጁን ትኩሳት የያዘው ቀን ነገሩ ይወጣል። «ልጅ አለኝ፣ ከኬጂ እህቴ ትወስደዋለች፣ እሷ ከሌለች ጎረቤቴ አለች» ያለችኝን እቀጥራለሁ።

ቤት ሆኜ እሠራለሁ። የሁለት ዓመት ልጅ እግርሽ ሥር እያለ ደንበኛ በስልክ አነጋግሪና ንገሪኝ።

ትምህርት ቤቶችን መናቅ። የግል ትምህርት ቤቶች ረዳት መምህር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ተቀባይ ይፈልጋሉ። ደመወዙ ትንሽ ነው ተብሎ ይታለፋል። ከሌላኛው ደመወዝ ላይ የሞግዚቷን፣ የባጃጁን፣ የምሳውን ቀንሰሽ አወዳድሪው እስቲ። ለሠራተኛ ልጅ ክፍያ ይቀንሱ እንደሆነ፣ ውሉም የ10 ወር ይሁን የ12 ወር መጠየቅ እንዳትረሺ።

በመጨረሻ አባትየው። «ባለቤትሽ ስንት ሰዓት ይወጣል?» ስል ይስቃሉ። ምኑ ነው የሚያስቀው? በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ፕሮግራሙን በወረቀት ይዘሽ ነይ፤ ጠዋት ሲገባ አንቺ ከሰዓት፣ ከሰዓት ሲገባ አንቺ ጠዋት፣ ከሚቀጥርሽ ሰው ጋር ተነጋግረሽ ማስተካከል ይቻላል። የሌሊት ፈረቃውን ግን አትቁጠሪው። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ጠዋት ይተኛል እንጂ ልጅ አይጠብቅም።