የዲዛይን ሥራ ውል ስትጽፉ «ቀብድ» የምትለዋን ቃል ተጠንቀቁ

ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ የዲዛይንና የፎቶ ስቱዲዮ አለኝ። ድሮ ሥራ የምንይዘው በቃል ነበር። አሁን ውል ሳይፈረም ኮምፒውተር አልከፍትም።

መጀመሪያ የሁለታችሁን ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ ጻፉ። ደንበኛው ድርጅት ከሆነ ፈራሚው ሥልጣን እንዳለው ጠይቁ።

ቀጥሎ ሥራውን በቁጥር ዘርዝሩ። «ሎጎና ማስታወቂያ» ብሎ ማለፍ ጠብ መጥራት ነው። «አንድ ሎጎ፣ 2 በ1 ሜትር የሆነ አንድ ባነር፣ ባለ 4 ገጽ ሜኑ» በሉ። ማስተካከያውም ይቆጠር። እኔ 2 ጊዜ በነፃ እሠራለሁ፤ ከዚያ በላይ ይከፈላል። ቀረጻው ሸዋ ሮቢት ከሆነ ጣርማበርን ወርዶ የመሄጃውንና የአዳሩን ወጪ ማን እንደሚችል እዚሁ ይግባ።

አሁን ገንዘቡ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። በቅድሚያ የምንቀበለውን ሁሉ «ቀብድ» ማለት ለምዶብናል። ቃሉ ግን በሕግ የራሱ ትርጉም አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ከአንድ ሆቴል 15 ሺህ ብር ተቀብዬ በእጄ «ቀብድ» ብዬ ፈረምኩ። ጥር ገባ፣ ሰርጉ ተደራረበብኝ። «ገንዘብዎን ልመልስልዎት» ስላቸው ባለቤቱ ወረቀቱን አወጡ። «ልጄ፣ እጥፉን ነው እንጂ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ግማሹን ተበድሬ 30 ሺህ ብር ከፈልኩ።

ዛሬ «ቅድመ ክፍያ» ብዬ እጽፋለሁ። ስሙን መቀየር ብቻውን ግን አይበቃም። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ገንዘብ የጠቅላላ ዋጋው 50 በመቶ ቅድመ ክፍያ እንጂ ቀብድ አይደለም። ደንበኛው ሥራውን ቢያቋርጥ እስከዚያ የተሠራው ተሰልቶ ቀሪው ይመለስለታል። ሠሪው ቢያቋርጥ የተቀበለውን በሙሉ ይመልሳል።»

ዋናው ፋይል የሚሰጠው ቀሪው ሒሳብ ሲከፈል መሆኑንም ጻፉ። ዋጋው 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካትት እንደሆነ አንድ መስመር ይበቃል። በቀን ላይ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፤ ከፈረንጅ አቆጣጠር ጋር እንዳይምታታ።

ከኢንተርኔት የሚወርድ የእንግሊዝኛ ውል አልወድም። ደንበኛው ሳይገባው ይፈርማል፣ ኋላ «አላልኩም» ይላል። በአማርኛ ሁለት ገጽ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለት ቅጂ አትሙና በ2 ምስክሮች ፊት በየገጹ ተፈራረሙ። አንዱ ምስክር ከደንበኛው ወገን ይሁን።