የኤምጂቢ ሂተር ኮር ፍለጋ፦ ገንዘብና ጊዜ የሚበሉ ስህተቶች

በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከ500 ሺህ በላይ ኤምጂቢ (MGB) የስፖርት መኪኖች ተሠርተዋል። ብዙዎቹ የተሸጡት አሜሪካ ነው። ስለዚህ መለዋወጫዋ ዛሬም አልጠፋም። ሂተር ኮሯም፣ ማለትም የሞተሩ ሙቅ ውሃ እየዞረበት የጋቢናውን አየር የሚያሞቀው ትንሽ ራዲያተር፣ በቀላሉ ይገኛል። ሰው የሚከስረው ዕቃው ጠፍቶ ሳይሆን ሳያጣራ እያዘዘ ነው።

ምንጣፉ ስለረጠበ ብቻ ኮሩን መውቀስ

በዚህች መኪና የተሳፋሪው እግር ሥር ውሃ የሚጠራቀምበት ዋና ምክንያት ሁለት ነው። አንዱ ኮሩ ነው፤ ሌላው ዝናብ። ከፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው የአየር ማስገቢያ ወንፊት የሚገባው ዝናብ የሚወርድበት የላስቲክ ቱቦ አለ። ቱቦው በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ውሃው ሞልቶ ወደ ጋቢና ይገባል። ሁለቱን ለመለየት አንድ ደቂቃ ይበቃል። ውሃውን በጣታችሁ አሹት፤ ቀለም ካለው፣ ከተሙለጨለጨና ጣፋጭ ሽታ ካለው አንቱፍሪዝ ነው (አትቅመሱት፣ መርዝ ነው)። መስታወቱ ከውስጥ በኩል ሲጠርጉት የሚጨማለቅ ቅባት መሳይ ጉም ከያዘም ኮሩ ያፈሳል። ጥርት ያለ ውሃ ሆኖ ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ቱቦውን በለስላሳ ሽቦ ጥረጉ እንጂ ኮር አትግዙ።

“አያሞቅም” የሚባለውም እንዲሁ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የሂተሩን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ክፈቱና ኮሩ ወደተቀመጠበት የሂተር ሳጥን የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ ዳስሱ። ሁለቱም ከቀዘቀዙ ውሃው ኮሩ ጋ አልደረሰም። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ የተገጠመውን የሂተር ቫልቭ፣ ቫልቩን የሚስበውን ገመድና ከቫልቩ ሥር ያለውን ቀዳዳ እዩ፤ ቀዳዳው በዝገት ጭቃ መደፈኑ የተለመደ ነው። አንዱ እያቃጠለ ሌላው ከቀዘቀዘ ኮሩ ተደፍኗል ወይም አየር ይዟል። ሁለቱም ትኩስ ሆነው የሚነፍሰው አየር ከቀዘቀዘ ኮሩ ጤነኛ ነው፤ አየሩ ግን በጎኑ እያመለጠ ነው። ሁለቱም ለብ ብቻ ካሉ ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቫልቭ) ሳይዘጋ ቀርቶ እንደሆነ ፈትሹ።

ተደፍኗል የተባለ ኮር ከመለወጡ በፊት ደግሞ ይታጠባል። ሁለቱን ቱቦዎች ንቀሉና ውሃ በመውጫው በኩል፣ ከወትሮው በተቃራኒ፣ በዝግታ ልቀቁበት። የቧንቧን ሙሉ ግፊት የለቀቀበት ሰው ግማሽ ምዕተ ዓመት የቆየውን ብየዳ ይከፍተዋል።

አሮጌውን ሳያወጡ አዲስ ማዘዝ

ይህ ስህተት የማያልቅ ነው። ሰው ከሊብሬው ላይ ዓመቱን ያነባል፣ ካታሎግ ይከፍታል፣ ከዓመቱ ጎን የተጻፈውን ቁጥር ያዛል፤ ዕቃው ከመጣ በኋላ ነው መኪናዋን የሚፈታው። አይገባም። ያን ጊዜ መኪናዋ ተበታትና፣ አንቱፍሪዙ ፈስሶ፣ ዳሽቦርዱ ሥር ያለው ሁሉ ወለል ላይ ተዘርግቶ ሌላ ዕቃ ይጠበቃል። ይባስ ብሎ አንዳንዱ የማይገባውን በጉልበት ሊያስገባ ቧንቧውን ያጥፈዋል፤ የታጠፈ ዕቃ ደግሞ ሻጩ መልሶ አይቀበልም።

የኤምጂቢ ዓመት ለማዘዣ አይበቃም። ፋብሪካው ለውጥ ለማድረግ የአውሮፓውያንን አዲስ ዓመት አይጠብቅም ነበር። ጥቁሩ የላስቲክ መከላከያ የመጣው በ1974 ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ስለሆነ “የ1974” የምትባለው መኪና ሁለት ዓይነት ናት። ዳሽቦርዱና የሂተሩ መቆጣጠሪያ የተለወጡት በ1977 ሞዴል ነው። ይህ ሞዴል ግን መመረት የጀመረው በ1976 ስለሆነ ወረቀቷ 1976 የሚል መኪና በአካል የ1977 ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ በሻሲ ቁጥር ተነሡ። ክፍት ጣሪያዎቹ በአብዛኛው በጂ.ኤች.ኤን (GHN)፣ ጂቲዎቹ (ጣሪያቸው ድፍን የሆኑት) በጂ.ኤች.ዲ (GHD) ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ ያለው 3፣ 4 ወይም 5 ትውልዱን ይናገራል።

የሻሲ ቁጥሩም ቢሆን መነሻ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ዕድሜዋ ይህን ያህል በገፋ መኪና ላይ ከቀድሞ ባለቤቶች አንዱ የሌላ ዓመት ሳጥን ገጥሞ፣ ወይም ራዲያተር ሠሪ ቧንቧውን ቆርጦ በሌላ አቅጣጫ በይዶት ሊሆን ይችላል። አውጡና በካሊፐር ለኩት። የክንፎቹን ፊት ቁመትና ስፋት፣ ከነታንኮቹ (የጫፎቹ የውሃ መያዣዎች) ያለውን ጠቅላላ ልክ፣ ውፍረቱን፣ የሁለቱን ቧንቧዎች የውጭ ዲያሜትር፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ ከታንኩ የሚወጡበትን ርዝመትና የሚታጠፉበትን አቅጣጫ ጻፉ። ውፍረቱ ላይ የምትታይ የ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሳጥኑ እንዳይዘጋ ለማድረግ በቂ ናት። የሂተሩ ቱቦ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ “ለሁሉም ይሆናል” ተብሎ ለ15.9 ሚሊ ሜትር ቱቦ የተሠራ ኮር ከመጣላችሁ ቱቦውን እየለጠጣችሁ አትግጠሙ። ሻጩ ቧንቧዎቹን ከጎን የሚያሳይ፣ ማስመሪያ የተጋደመበት የዕቃውን የራሱን ፎቶ ይላክላችሁ። የካታሎግ ሥዕል ለዚህ አይረዳም።

ሳጥኑን በካቻቪቴ መፈንቀል

ሳጥኑ ኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩ ኋላ ባለው መደርደሪያ ላይ ስለሚታይ ብሎኖቹን ፈትቶ ወደ ላይ መሳብ የሚበቃ ይመስላል። አይወጣም። መጀመሪያ ከጋቢናው በኩል ወደ መስታወቱ አየር የሚወስዱት ሁለት ቱቦዎች ከሥሩ ይነቀላሉ፤ የመቆጣጠሪያው ገመድና የፋኑ ሽቦም ይፈታሉ። እጅ እንዲገባ የመሃሉን ኮንሶልና ራዲዮውን አስቀድሞ ማውጣት ይሻላል። ከዚያ በኋላም ሳጥኑ በአሮጌው ስፖንጅ ተጣብቆ ይይዛል፤ ስስ ቢላ በዙሪያው አሳልፉና ቀስ እያላችሁ ወዝውዙት። ካቻቪቴ ከከተታችሁበት ቆርቆሮው ይጣመማል፤ የተጣመመ ሳጥን ደግሞ አዲሱን ኮር አጥብቆ አይይዝም።

ከቱቦዎቹ ጋር በፒንሳ መታገልም ይቅር። የኮሩ ቧንቧ ስስ ስለሆነ ሲጠመዘዝ ከታንኩ ሥር ይቀደዳል። ቱቦውን በርዝመቱ በቢላ ሰንጥቃችሁ ላጡት። አዲስ ቱቦ ርካሽ ነው፤ ለማንኛውም መለወጥ አለበት።

በአንድ ስም ብቻ መፈለግ

እንግሊዞች ይህን ዕቃ “ሂተር ማትሪክስ” ይሉታል፣ አሜሪካኖች “ሂተር ኮር”፣ አንዳንዱ ሻጭ “ሂተር ራዲያተር”። በሦስቱም ፈልጉ።

አሮጌውን መጣል

አዲሱ ተገጥሞ፣ ሞቆ፣ ሳያፈስ መቆየቱ እስኪረጋገጥ ድረስ አሮጌው ኮር አይጣልም። ዋናው ምክንያት ይህ ነው፦ የፋብሪካው ኮር ከመዳብና ከነሐስ ተሠርቶ በስታኞ የተበየደ ስለሆነ ይታደሳል። ሥራውን የሚያውቅ ራዲያተር ሠሪ ታንኮቹንና ቧንቧዎቹን አስቀርቶ መሃሉን በአዲስ ይተካዋል። ቧንቧዎቹ የራሷ የመኪናዋ ስለሆኑ ልኩ አይዛነፍም። በእኛ ፍርድ አሮጌው ታንክ በዝገት ካልተበላ፣ ከየትኛውም ርካሽ አዲስ ኮር ይህ ይበልጣል። የሚያፈሰው በቧንቧው ሥር ብቻ ከሆነ ደግሞ መሃሉን መለወጥም ላያስፈልግ ይችላል፤ ተጠርጎ እንደገና ይበየዳል። የጣለው ሰው ይህን ሁሉ አማራጭ አብሮ ይጥላል።

የአሉሚኒየም ኮር ከገዛችሁ በስታኞ እንደማይጠገን እወቁ። አንቱፍሪዙም ለአሉሚኒየም የሚስማማ፣ በተጣራ ውሃ የተበጠበጠ ይሁን።

ማፍሰስ የሚያቆም ዱቄት መጨመር

አታድርጉት። ቀዳዳ የሚደፍን ነገር የኮሩን ጠባብ መንገዶችም ይደፍናል፤ ዋናው ራዲያተርም ከዚያ አይተርፍም። ዕቃው እስኪመጣ መኪናዋ የግድ መንቀሳቀስ ካለባት ከቫልቩ የሚመጣውንና ተመላሹን ቱቦ በ12.7 ሚሊ ሜትር የመዳብ ቧንቧ አገናኙና ሁለቱንም ጫፍ በማጥበቂያ እሰሩ። ሂተር አይኖራችሁም፣ ሞተሩ ግን ውሃ አያጣም።

“አዲስ ነው” ብሎ ሳይፈትሹ መግጠም

ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ከፋብሪካው ዘመን የቀረ ዕቃ ብዙ ሰው ያስጎመጃል። ነገር ግን ለዐሥርት ዓመታት መደርደሪያ ላይ የኖረ ብየዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። አዲስ የተሠራውም በመንገድ ተመትቶ ይመጣል። አንዱን ቧንቧ ድፈኑ፣ በሌላው በብስክሌት መንፊያ አየር አስገቡ፣ ውሃ ውስጥ ንከሩትና ለአምስት ደቂቃ አረፋ ጠብቁ። ግፊቱ በራዲያተሩ ክዳን ላይ ከተጻፈው አይለፍ። በኮምፕረሰር አትሞክሩት፤ ደህናውን ያፈነዳል።

ሳጥኑ ወጥቶ እያለ ፋኑንም በባትሪ አዙሩና ድምፁን ስሙ። ለፋን ብሎ ይህን ሁሉ እንደገና መፍታት ያሳዝናል።

ስፖንጁን መርሳት

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን አንቆጣም፤ ማንም ስለማይነግራቸው ነው። በኮሩ ዙሪያና ሳጥኑ መደርደሪያው ላይ በሚያርፍበት ሥር ያለው ስፖንጅ ከጊዜ ብዛት ዱቄት ይሆናል። ኮሩ አዲስ ሆኖ በዙሪያው የጣት ያህል ክፍተት ካለ ቀዝቃዛው አየር በዚያ ያልፋል፤ ሰውም “አዲሱም ኮር አይሠራም” ይላል። ውሃ የማይመጥ፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስፖንጅ በአራቱም ጠርዝ ለጥፉ። የአልጋ ስፖንጅ ውሃ ይይዛልና ሳጥኑን ያዝገዋል።

ቫልቩን ዘግቶ ውሃ መሙላት

ቫልቩ ከተዘጋ ኮሩ ውስጥ ያለው አየር መውጫ የለውም። ክፈቱት፣ የመኪናዋን ፊት ከፍ አድርጉ፣ በዝግታ ሙሉ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የኮሩን የላይኛውን ቱቦ ማጥበቂያ አላሉና አረፋ የሌለው ውሃ ብቅ ሲል መልሳችሁ አጥብቁ። ሞተሩን አስነሡ፤ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ጠብቁ። ከዚያ አጥፉት፤ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ብቻ ክዳኑን ከፍታችሁ የጎደለውን ጨምሩ። ምንጣፉን ወዲያው አትመልሱት። ሁለት ሦስት ቀን ተነድታ ደረቅ ጋዜጣ ወለሉ ላይ ካልረጠበ ያን ጊዜ ይመለስ።