ድሬ ላይ የቤት ኢንተርኔት ልታስገቡ ነው? እንዲህ አወዳድሩ

«የቱ ኔትወርክ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ድሬ ላይ ከተነሣ ክርክሩ እስከ በርጫ ማብቂያ ይዘልቃል። ሁሉም ልክ ነው። ከዚራ ላለው ሰው የሚፈጥነው መስመር ሳቢያን ጫፍ ላለው ጭራሽ ላይደርሰው ይችላል። አንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ሰርቪስ ቤት ያለውና ፎቅ ላይ ያለው እኩል አያገኙም። ስለዚህ ማወዳደር ያለባችሁ የእናንተ ደጅ የሚደርሰውን ነው፤ ያውም እናንተ በምትጠቀሙበት ሰዓት።

አማራጭ በማግኘት ደረጃ ድሬ ዕድለኛ ናት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለደንበኛ መጀመሪያ የከፈተው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ ነው፤ ነሐሴ 2014 ዓ.ም.። ከዚያ በፊት ማወዳደር ማለት የኢትዮ ቴሌኮምን አንዱን ፓኬጅ ከሌላው ጋር ማየት ነበር።

1. መጀመሪያ ቤታችሁ ምን እንደሚፈልግ እወቁ

ፍጥነት የሚሸጠው በሰከንድ በሚያልፍ ሜጋቢት ነው። የምታወርዱት ፋይል የሚለካው ግን በሜጋባይት ነው። ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ነው፤ 10 ሜጋቢት ገዝቶ «በሰከንድ 10 ሜጋባይት የታለ?» ብሎ የሚጣላ ሰው ብዙ ነው። በ10 ሜጋቢት መስመር አንድ ጊጋባይት ፊልም ለማውረድ፣ ምንም ሳያደናቅፈው፣ 13 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል።

ጥራት ያለው ቪዲዮ ለማየት 5 ሜጋቢት አካባቢ ይበቃል። የዙም ስብሰባ ከዚያም ያንሳል። አንድ ሰው ቲቪ እያየ፣ አንዱ ስብሰባ ላይ ሆኖ፣ ልጆቹ ቲክቶክ ቢከፍቱ ከ10 እስከ 15 የሚደርስ ሜጋቢት ቤቱን ያስተዳድራል። 4ኬ (በጣም ጥርት ያለ ምስል የሚያሳይ) ቲቪ ካላችሁ ለብቻው 15 አካባቢ ይወስዳልና ሒሳቡ ይቀየራል። ከዚህ በላይ ገዝቶ መመጻደቅ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

2. ደጃችሁ ምን ይደርሳል?

ወጣ ብላችሁ የሰፈራችሁን ምሰሶ ተመልከቱ። ጎረቤት ቤት ገመድ ገብቷል? ፋይበር (በብርሃን የሚሠራው ቀጭን የመስታወት ገመድ) ነው ወይስ የድሮው የስልክ መዳብ? ካልለያችሁት ጠይቁ፤ እዚህ አገር ጎረቤት መጠየቅ አያሳፍርም። ግን «ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው የከፈለበትን ነገር መጥፎ ነው ማለት ይከብደዋል። «አቦ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ፊልም ይቆራረጥብሃል?» በሉት። «ባለፈው ሲበላሽ በስንት ቀን ሠሩልህ?» ብላችሁ ጨምሩ። የሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ፋይበር ከደረሰ ብዙ አታመንቱ። መዳብ ከሆነ ርቀቱ ወሳኝ ነው። በመዳብ የሚመጣው ኤዲኤስኤል በወረቀት ላይ እስከ 24 ሜጋቢት ይደርሳል፤ ከቴሌ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ግን ይደክማል። ከ5 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ተስፋ የለውም። ቤት ውስጥ የመስመር ስልክ ካለ አንሡና አዳምጡ። ድምፁ የሚንሿሿ ከሆነ ኢንተርኔቱም በዚያው ሽቦ ላይ መሰቃየቱ አይቀርም። ድሬ ዝናብ ብዙ ባያውቃትም አንድ ቀን ሲጥል መጋጠሚያው ውስጥ የሚገባው እርጥበት መስመሩን ያናጋዋል።

ገመድ ካልደረሰ፣ ወይም ተከራይ ሆናችሁ ነገ የት እንደምትገቡ ካላወቃችሁ፣ ሲም የሚገባበት የ4ጂ ራውተር አለ። ሁለቱም ድርጅቶች ጋ ይገኛል። ስትለቁ ነቅላችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ሚፋይ የሚባለው በኪስ የሚያዘው ትንሹ ለአንድ ሁለት ሰው ደህና ነው፤ ለቤተሰብ ግን አይሆንም። ገመዱን የመረጠ ተከራይ አከራዩን አስቀድሞ ያናግር። «ጋሼ፣ ግድግዳው ላይ የሚበሱት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት» ማለት ቴክኒሻኑ በር ላይ ቆሞ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

3. ሳትገዙ ሞክሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ገንዘብ የሚተርፈው ግን እዚህ ላይ ነው። ለሽቦ አልባ አማራጭ ሙከራው ቀላል ነው። የሁለቱንም ድርጅት ሲም አንድ ስልክ ላይ አስገቡ። ስልኩ አንድ መሆኑ ግድ ነው፤ የእናንተ አሮጌ ስልክና የወንድማችሁ አዲስ ስልክ አይወዳደሩም። የአንዱን ዳታ ዘግታችሁ የሌላውን ክፈቱ፤ ራውተሩ ሊቀመጥ የታሰበበት ቦታ ላይ ቁሙና ስፒድቴስት ወይም ፋስት ዶት ኮም በሚባሉት የፍጥነት መለኪያዎች ለኩ። ከዚያ ገልብጡት። ሙከራው ራሱ ዳታ እንደሚበላ አትርሱ፤ መስመሩ በፈጠነ ቁጥር ብዙ ይበላል።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለክቶ «ይበርራል!» ማለት ዋጋ የለውም። ያን ሰዓት ሰው ሥራ ላይ ነው። ከሰዓት 9 ሰዓት አካባቢ፣ ሱቁ ተዘግቶ ከተማው ሁሉ ጥላ ውስጥ ስልኩን ከፍቶ ሲቀመጥ ለኩ። ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ደግሞ ድገሙት። ለመግዛት የምትወስኑት በጣም ዝቅ ባለው ቁጥር ነው፤ ከፍተኛውን እርሱት።

ከማውረጃው ፍጥነት ሌላ ሁለት ቁጥር ተመልከቱ። አንዱ የመጫኛው ነው። ውጭ ካለ ዘመድ ጋር በቪዲዮ ስታወሩ የእናንተ ፊት የሚሄደው በዚህ ነው፤ ከ2 ሜጋቢት ካነሰ ምስሉ እየደረቀ ያስቸግራል። ሌላው ፒንግ ነው፤ የላካችሁት ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው፣ በሚሊሰከንድ ይለካል። ከ100 በታች ከሆነ ወሬው ይጥማል። እየወጣ እየወረደ 300 ከገባ ሁለት ሰው እኩል እያወራ «ሃሎ? ሃሎ?» ሲባባል ይመሻል።

ቦታም ለዋውጡ። የድሬ ቆርቆሮ ጣሪያ የኔትወርክ ጠላት ነው፤ ብረት ሞገድ አያሳልፍም። ስለዚህ የኔትወርክ ማማው ባለበት በኩል ያለውን መስኮት ፈልጉ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ሳሎን የሚበርረው ዋይፋይ ጓዳ ሲደርስ ይሞታል። እዚያ ቤት ከፓኬጁ ይልቅ ተጨማሪ ማሰራጫ ወይም አንድ የኔትወርክ ገመድ ነው የሚያስፈልገው።

ገመድ ግን አስቀድሞ አይሞከርም። ያላችሁ ያው የጎረቤት ምስክርነት ነው። ፈቃደኛ ከሆነ ማታ ጎራ ብላችሁ በእሱ ዋይፋይ ለኩ። ቡና ካለ እሰየው።

4. ሒሳቡን በዓመት አስሉት

የወር ክፍያ ብቻውን ያታልላል። የመግጠሚያ፣ የራውተርና የወር ክፍያ አንድ ላይ ይደመሩ። ለምሳሌ ራውተሩ 6,000 ብር ቢሆንና ሁለት ዓመት ቢያገለግል በየወሩ 250 ብር ጨምሩበት ማለት ነው። የተነገራችሁ ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር አይጨምር ጠይቁ። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ከሰው አትስሙ፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ላይ፣ ሳፋሪኮም 700 ላይ ይነግሯችኋል።

በጊጋባይት የምትገዙ ከሆነ ይህን አስቡ፦ ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ሊበላ ይችላል። በቀን አንድ ሰዓት ማለት በወር ወደ 90 ጊጋባይት ነው። ቲቪ ያለው ቤት ያልተገደበውን ይመልከት። «ያልተገደበ» የሚለውም ከሥሩ ደቃቅ ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል። «ስንት ጊጋ ከተጠቀምኩ በኋላ ነው የሚቀንስብኝ? ወደ ስንት?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

5. መብራት ሲጠፋስ?

ራውተሩ ከጠፋ ፋይበሩ ምን ያደርግላችኋል? ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ ቻርጀሩ ላይ ተጽፏል። ቮልቱ የሚገጥም ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ትንሽ ባትሪ) ከገዛችሁ ለተወሰኑ ሰዓታት ይይዛል። ለፋይበር ሁለት ሣጥን ከገጠሙላችሁ ሁለቱም መብራት እንደሚፈልጉ አትርሱ። 4ጂ ከሆነ የእናንተ ባትሪ ብቻ አይበቃም፤ የማማውም ባትሪ አለ። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋ የሰፈራችሁ ኔትወርክ አብሮ ይዳከም እንደሆነ ልብ በሉ።

6. ሲገባ

ቴክኒሻኑ ሳይሄድ ለኩ። ያውም በዋይፋይ ሳይሆን ላፕቶፑን በገመድ ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ፤ የገዛችሁት ፍጥነት መምጣቱ የሚታወቀው እንደዚያ ነው። ራውተሩን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጡ። ብዙው የተሠራው እስከ 40 ዲግሪ ድረስ እንዲሠራ ነው፤ የሰኔ ከሰዓት ቆርቆሮ ሥር እሱን ማለፍ ለድሬ ምንም አይደል። የዋይፋዩንም ሆነ የራውተሩን መግቢያ የይለፍ ቃል ያኔውኑ ቀይሩ፤ አለበለዚያ በወሩ መጨረሻ ግቢው ሁሉ ደንበኛችሁ ነው።

ፋይበር ያስገባችሁ ደግሞ ሣጥኑ ላይ «ሎስ» (LOS) የሚል ጽሑፍ ያለበትን መብራት ለዩት። እሱ ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ቤታችሁ አልደረሰም ማለት ነው። ገመዱ ታጥፎ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ራውተሩን አሥር ጊዜ ብታጠፉና ብታበሩ ለውጥ የለውም። ቀጥታ ደውሉና «ሎስ ቀይ ነው» በሉ። የመስመሩን ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ብልሽት ስታስመዘግቡ ትጠየቃላችሁ።