መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ ለምን ይቀባጥራል?

ኬብሉ መሰካቱን፣ ወረቀት መኖሩንና ትክክለኛው ፕሪንተር መመረጡን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። የምጽፈው ስለ ቆዩ የቢሮ ሌዘር ፕሪንተሮች ነው፤ እንደ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ2055 እና ኤም401 ስላሉት። ጠንካራ ማሽኖች ናቸው። «ተበላሽቷል» ተብለው ጥግ ከተጣሉት ውስጥ ምንም ያልሆኑ ብዙ አግኝቻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። ኮምፒውተሩን ተዉትና ከራሱ ከፕሪንተሩ ሜኑ «ኮንፊገሬሽን ፔጅ» የሚለውን አትሙ። ገጹ ጥርት ብሎ ከወጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ችግሩ ከኬብሉ ጀምሮ እስከ ኮምፒውተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ይህን ሳታዩ ማሽኑን አትፍቱ፤ ቶነርም አትግዙ።

ገጹን የሞላ ዝብርቅርቅ ፊደል፣ ወይም በየገጹ አናት ላይ አንድ መስመር ብቻ

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ወረቀቱ አናት ላይ የመቶኛ ምልክትና 12345 የሚል ቁጥር ይወጣል። ከሥሩ የልብ ቅርጽ፣ የፈገግታ ፊት፣ የሙዚቃ ኖታ። ቀጣዩ ገጽ ባዶ ነው፤ አናቱ ላይ ግማሽ መስመር ብቻ። ወረቀት እስኪያልቅ እንዲህ ይቀጥላል።

ኮምፒውተሩ ለፕሪንተሩ ጽሑፉን ብቻ አይልክም። ከፊት «የሚመጣው በዚህ ቋንቋ ነው» የሚል ትእዛዝ ያስቀድማል። ቋንቋው ፒሲኤል ወይም ፖስትስክሪፕት ነው። እየታተመ ሳለ መብራት ሲሄድ ፕሪንተሩ ይጠፋል፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይሠራል። መብራት ሲመጣ የቀረውን ከመሀል ይልካል። መክፈቻው ትእዛዝ ስለጠፋ ፕሪንተሩ የደረሰውን ሁሉ እንደ ተራ ፊደል እየቆጠረ ያትመዋል።

አንድ መሥሪያ ቤት የወሩን ፔሮል ሲያትም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሠራተኛው ላፕቶፑን እንደበራ ትቶ ወጣ። ጠዋት ሲገቡ 250 ወረቀት የሚይዘው መሳቢያ ባዶ፣ ወለሉ ደግሞ በወረቀት ተሸፍኖ ነበር። አዲስ ደስጣ ከፍተው ሞሉት፤ ካቆመበት ቀጠለ። አጥፍተው አበሩት፤ ያው ነው። ቶነር ገዝተው ቀየሩ። ስደርስ ጸሐፊዋ የወረቀቱን ክምር አቅፈው «ልጄ፣ ይሄን ነገር ጠበል ልውሰደው?» አሉኝ። «እትዬ፣ እሱ ምንም አልሆነም፤ ላፕቶፑን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ተሰልፈው የቆሙት ሥራዎች 14 ነበሩ። አልታተም ሲላቸው ደጋግመው «ፕሪንት» ብለዋል። እባካችሁ አንዴ ካዘዛችሁ በኋላ ጠብቁ። ሁለተኛው ትእዛዝ የመጀመሪያውን አያፈጥነውም፤ ከኋላው ይሰለፋል እንጂ።

መፍትሄው እነሆ። ኬብሉን ንቀሉና ፕሪንተሩን አጥፉ። ኮምፒውተሩ ላይ «ሰርቪስስ» ከፍታችሁ የሚታተሙትን ሥራዎች የሚያሰልፈውን፣ «ፕሪንት ስፑለር» የሚለውን አቁሙ፤ የአድሚን ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚያ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ወደሚለው ፎልደር ግቡ። ውስጡ ያሉትን ፋይሎች አጥፉ። ፎልደሩን ራሱን እንዳታጠፉ! ጎረቤቱ ያለውን «ድራይቨርስ» የሚል ፎልደርም እንዳትነኩ። ስፑለሩን መልሳችሁ አስነሱ። ፕሪንተሩን ያለ ኬብል አብሩትና «ሬዲ» እስኪል ጠብቁ። አሁን ኬብሉን ሰክታችሁ አንድ ገጽ ብቻ ሞክሩ።

ፕሪንተሩን የምትጋሩ ከሆነ የራሳችሁን ኮምፒውተር ማጽዳት አይበቃም። ሥራው የተከማቸው ፕሪንተሩን ባጋራው ኮምፒውተር ላይ ነው።

«እንግዲያው ፕሪንተሩንም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆየው ባትሪ) ላይ ልሰካው» የሚል አይጠፋም። አታድርጉት። ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀውን ፊውዘር ሲያሞቅ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት በአንዴ ይስባል። ትንሹን የቢሮ ዩፒኤስ ያጠፋዋል፤ ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል። ይልቅ መብራት እንደሄደ የፕሪንተሩን ማብሪያ አጥፉና ሥራውን ከኮምፒውተሩ ሰርዙ።

ስክሪኑ ላይ 49 ወይም 79 የሚል ስህተት፣ እየጠፋ መነሳት

ብዙ ጊዜ የዚያው በሽታ ዘመድ ነው። ኬብሉን ነቅላችሁ አብሩት። «ሬዲ» ካለ የሚጥለው የተላከለት ፋይል ነው። ስፑለሩን ከላይ እንዳልኩት አጽዱ። አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ የሚጥለው፣ ሲታተም «አድቫንስድ» ውስጥ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» የሚለውን ምረጡ። ሁሉም ፋይል ከጣለው ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም፣ ከፒሲኤል 6 ወደ ፒሲኤል 5 ወይም ወደ ፖስትስክሪፕት ቀይሩ። ኬብል ሳይኖርም ስህተቱ ከመጣ የሚሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ መልሱት። ካልሆነ የፕሪንተሩ ዋና ቦርድ ነው።

አንዱ ገጽ ደህና፣ ቀጣዩ ዝብርቅርቅ

ኬብል። የዩኤስቢ ኬብል ከ5 ሜትር ማለፍ የለበትም። አንድ ቢሮ ሁለት ርካሽ ኬብል በማስረዘሚያ አያይዘው ምንጣፍ ሥር ቀብረውት፣ የወንበሩ ጎማ በየቀኑ ይሄድበት ነበር። ሳወጣው ሽፋኑ ተላጦ የውስጡ ሽቦ ይታያል። ድራይቨር ሦስት ጊዜ አራግፈው ጭነዋል። በቂጣ ስስነት የተሠራ ኬብል እየገዛችሁ በማሽኑ አትፍረዱ።

መብራት ከመጣ ወዲህ የኔ ሥራ ሌላ ክፍል ውስጥ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል

በኔትወርክ ለተገናኙት ነው። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ የአይፒ አድራሻዎቹን (እያንዳንዱ መሣሪያ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) እንደገና ያድላል። የናንተ ፕሪንተር አድራሻ ለሌላ ክፍል ፕሪንተር ሊደርሰው ይችላል፤ ያኛው ደግሞ የናንተን ድራይቨር ቋንቋ አያውቅም። ለእያንዳንዱ ፕሪንተር ቋሚ አይፒ ስጡና ጀርባው ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።

አማርኛው ብቻ ሲበላሽ

ስክሪኑም ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ፕሪንተሩ የለበትም። ሰነዱ በድሮ፣ ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል ቁጥር አሰጣጥ) ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ተጽፏል፤ ፎንቱን ጫኑ። ስክሪኑ ላይ አምሮ ወረቀቱ ላይ ሳጥን ከሆነ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» በሉ። ፊደሉ ደህና ሆኖ መስመሩ ከተዛባ «ኒያላ» ፎንት መኖሩን እዩ። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ አብሮ አይጫንም። ከአማራጭ ፊቸሮች «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሩ።

የቀሩት እምብዛም አያጋጥሙም። 50 ብሎ የሚጀምር ስህተት ፊውዘሩ ነው፤ አጥፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዙት፣ ከተመለሰ ይቀየራል። ትኩስ ስለሆነ በእጃችሁ አትንኩት። 10 ብሎ የሚጀምር የቶነሩ ቺፕ ነው፤ የተሞላ ቶነር ላይ ይበዛል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ማሽን ከሆነ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። 110 ቮልት የሚል ከሆነ የኛ 220 ነው። እንዳትሰኩት።