ሲሊኮን ያለው ጡትና ማጥባት፦ ከእርግዝና እስከ ጡት ማስጣል

ጡቷን ለማስተለቅ በቀዶ ሕክምና ሲሊኮን (በጄል ወይም በጨው ውሃ የተሞላ ከረጢት) ያስገባች ሴት ስታረግዝ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ሲሊኮኑ ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን?» ብላ ነው። ይህን ጭንቀት ቶሎ እናቅልለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የካናዳ ጥናት ሲሊኮን ያላቸውንና የሌላቸውን እናቶች ወተት መርምሮ የሁለቱን የሲሊከን (ሲሊኮን የሚሠራበት ንጥረ ነገር) መጠን ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። በላም ወተት ውስጥ የተገኘው ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር፣ በሕፃናት የዱቄት ወተት (ፎርሙላ) ውስጥ ያለው ደግሞ ከላሙም ይበልጥ ነበር። የጨው ውሃ የተሞላው ዓይነት ቢፈስ እንኳ ውሃውን ሰውነት ይመጠዋል። ስለዚህ ሲሊኮን ስላለሽ ብቻ ልጅሽን ጡት አትከልክይው።

ሊያሳስብሽ የሚገባው ወተቱ ይበቃል ወይ የሚለው ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ ቢላዋው ያለፈበት መንገድና ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረሽ የወተት ዕጢ ነው። ሁለቱንም ሳትወልጂ ማወቅ ትችያለሽ።

ጠባሳሽን አንብቢ

መስታወት ፊት ቁሚና ጠባሳውን ፈልጊ። ከጡትሽ ሥር እጥፋቱ ላይ ወይም ብብትሽ ውስጥ ከሆነ አብዛኞቹ የወተት ቱቦዎች ሳይነኩ ቀርተዋል ማለት ነው፣ ጥሩ ዜና ነው። በጡት ጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ክብ ዳር ዳሩን ይዞ የሚሄድ ከሆነ ግን ቱቦዎች ተቆርጠው፣ ወደ ጡት ጫፍ የሚሄደው ነርቭም ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ ሲጠባ ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰው ይህ ነርቭ ነው። መልእክቱ ሲደርስ ወተት የሚያመርተው ሆርሞንና ወተቱን ገፍቶ የሚያወርደው ሆርሞን ይለቀቃሉ። ነርቩ ከደነዘዘ ጡቱ አግቶ እያለ ወተቱ አልወርድ ይላል።

ነርቩን ቤትሽ መፈተሽ ትችያለሽ። ዓይንሽን ጨፍኚና አንድ ሰው የጡትሽን ጫፍ በጥጥ ዳሰስ ያድርግልሽ፣ ቀጥሎም በቀዝቃዛ ማንኪያ። መነካትሽንና ቅዝቃዜውን ከለየሽ ተስፋ አለው። ካልለየሽም ነገሩ አላለቀም፤ ነርቭ በወራትና በዓመታት ውስጥ መልሶ ያድጋል። ከአምስት ዓመት በፊት የተሠራ ጡት ከአምናው የተሻለ ዕድል የሚኖረው ለዚህ ነው።

ሲሊኮኑ ከደረት ጡንቻ ሥር ነው ወይስ በቀጥታ ከዕጢው ሥር የሚለውም ለውጥ አለው። ከዕጢው ሥር ያለው ሲሊኮን ጡቱ በወተት ሲሞላ ዕጢውን የበለጠ ሊጫነው ይችላል። ከሲሊኮኑ ጋር ጡትሽን ወደ ላይ አስነስተሽ ከሆነ የጡት ጫፉ ከሥሩ ጋር እንደተያያዘ ነው የተነሣው ወይስ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ነው እንደገና የተተከለው ብለሽ ጠይቂ። ተቆርጦ የተተከለ ከሆነ ቱቦዎቹ አብረው ተቆርጠዋል፣ ተጨማሪ ወተት ከወዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል።

ከመሠራቱ በፊት ጡትሽ ምን ይመስል ነበር? ትንሽ ጡት ትንሽ ወተት ማለት አይደለም። ነገር ግን እንደ ቱቦ ሾጠጥ ያለ፣ በሁለቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው ወይም አንዱ ከሌላው በጣም ያነሰ ከነበረ ዕጢው ከተፈጥሮ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ ወተቱ ሲያንስ «በገዛ እጄ ልጄን በደልኩ» ብለው የሚያለቅሱ እናቶች አሉ። ከቢላዋው በፊት የነበረን ነገር በራስሽ ላይ አትጫኚ።

ይህን ሁሉ በቃል ከማስታወስ የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርትና የሲሊኮኑን ካርድ ማግኘት ይሻላል። ካርዱ ላይ አምራቹ፣ ሞዴሉ፣ መጠኑ በሲሲና መለያ ቁጥሩ ይጻፋል። የፈረንሳዩ ኩባንያ የፒአይፒ ሲሊኮኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ የአለርጋን ኩባንያ ባዮሴል የተባሉ ገጻቸው ሸካራ ሲሊኮኖች ደግሞ በ2019 ከገበያ ስለወጡ የትኛውን እንደያዝሽ ማወቅ አለብሽ። ኢስታንቡል ወይም ዱባይ ሄደሽ ያሠራሽ ከሆነ መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል ጥያቄውን በእርግዝናሽ መጀመሪያ ላይ ላኪ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለአገር ቤት እናቶች፦ ክትትል ላይ «ኢምፕላንት አለኝ» ካልሽ አዋላጇ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ልትረዳ ትችላለች። «ጡቴ ውስጥ ሲሊኮን አለ» በያት። ለባለቤትሽ ወይም ለአማትሽ ባትነግሪ ያንቺ ምርጫ ነው፤ ለአዋላጇና ለሐኪሙ ግን ንገሪ።

በእርግዝና ወራት

ገና ያላረገዝሽ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ 6 ወር ቆዪ። ካረገዝሽ በኋላ ጡትሽ ያድጋል፣ ደም ሥሮች ይታያሉ፣ ጥቁሩ ክብ ይጠቁራል፤ እነዚህ ዕጢው ሥራ መጀመሩን ያሳያሉ። እስከ መጨረሻው ምንም ለውጥ ካላየሽ ለአዋላጇ አስታውቂ። ሽቦ የሌለው፣ ሰፊ ማንገቻ ያለው ጡት ማስያዣ ልበሺ።

የጄል ሲሊኮን ሳይታወቅ ሊቀደድ ስለሚችል የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ5 እስከ 6 ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይመክራል። እርጉዝ ከሆንሽ በአልትራሳውንድ ይጀመራል።

ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ሐኪምሽ ከፈቀደና ያለጊዜው የመውለድ ስጋት ከሌለብሽ እንገር በእጅ ማለብ ተለማመጂ። አውራ ጣትሽንና ሌባ ጣትሽን ከጡት ጫፉ 2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ራቅ አድርገሽ ያዢ፣ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ጣቶችሽን አገናኚ፣ ልቀቂ። ቆዳው ላይ አታንሸራቺ። ጠብታዎቹን በንጹሕ ሲሪንጅ ሰብስበሽ ብታቀዘቅዣቸው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ስንቅ ይሆኑሻል።

የመጀመሪያው ሳምንት

እንደወለድሽ በ1 ሰዓት ውስጥ ሕፃኑን ራቁቱን ደረትሽ ላይ አስተኚና አጥቢ። ከዚያ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊትም ቀንም። ስኳር በውሃም ሆነ ቅቤ አይቅመስ፤ ሆዱን ይሞላበትና ጡት መሳቡን ይቀንሳል፣ ያልተሳበ ጡት ደግሞ ምርቱን ያሳንሳል።

ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ወተቱ ሲመጣ ሲሊኮን ያለው ጡት ከሌላው ይበልጥ ሊወጠር ይችላል፣ ምክንያቱም ቦታው ከወዲሁ ተይዟል። ጥቁሩ ክብ እንደ ኳስ ሲጠነክር ሕፃኑ ጫፏን ብቻ ይይዝና ያቆስልሻል። ከማጥባትሽ በፊት የሁለቱን እጆችሽን ጣቶች ጫፍ በጡት ጫፉ ሥር ዙሪያውን አሰልፊና ቀጥ ብለሽ ወደ ደረትሽ ለ1 ደቂቃ ያህል ተጫኚ። እብጠቱ ወደ ኋላ ይሸሽና ቦታው እንደ ከንፈር ይለሰልሳል። ወዲያው የሕፃኑን አፍንጫ ከጡት ጫፍሽ ጋር ትይዩ አድርጊ፣ አፉን በደንብ ሲከፍት አገጩ አስቀድሞ ጡቱን ይንካ፣ ክቡንም ይጉረስ። ትልቅ ሲሊኮን ላለው ጡት ሕፃኑን በብብት ሥር እንደ ቦርሳ መያዝ ወይም ጋደም ብሎ ማጥባት ይቀላል።

ካጠባሽ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ ያዢበት። ስሜቱ የደነዘዘ ጡት ላይ ግን ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክም ሆነ በረዶ ሳይታወቅሽ ቆዳውን ሊያቃጥል ስለሚችል በየ2 ደቂቃው ቆዳውን ተመልከቺ።

ወተቱ እየደረሰው መሆኑን በጡትሽ ሙላት አትለኪው፤ ሲሊኮን ያለው ጡት ባዶም ሆኖ ሙሉ ይመስላል። ጆሮሽን አስጠጊና መዋጡን ስሚ፦ አንድ ሁለቴ ይስባል፣ አገጩ ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ለስለስ ያለ «ክህ» ይሰማል። ጉንጩ ወደ ውስጥ እየሰረጎደ የምላስ ጠቅታ ብቻ ከተሰማሽ አልያዘም፤ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቂውና እንደገና አስይዢው። ዳይፐርም ቁጠሪ፦ በ1ኛው ቀን 1 ሽንት፣ በ2ኛው 2፣ በ3ኛው 3፣ ከ6ኛው ቀን ጀምሮ 6 እና ከዚያ በላይ። ሰገራው እስከ 5ኛው ቀን ከጥቁር ወደ ቢጫ መዞር አለበት።

የመጨረሻው ዳኛ ሚዛን ነው። 3,200 ግራም የተወለደ ሕፃን ከ2,880 በታች ከወረደ ከአሥር በመቶ በላይ ቀንሷልና የዚያኑ ዕለት ይታይ። በ10 እስከ 14 ቀን ወደ ልደቱ ክብደት ይመለስ፣ ከዚያም በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምር።

ካልበቃው

ጡቱን ሳታቋርጪ ጨምሪለት። አስቀድሞ የራስሽ የታለበ ወተት፣ ያ ካልበቃ ፎርሙላ። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው መጠን በመጀመሪያው ቀን ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ በ2ኛው ከ5 እስከ 15፣ በ3ኛው ከ15 እስከ 30፣ በ4ኛው ከ30 እስከ 60 ነው። በትንሽ ኩባያ ስትሰጪ ሕፃኑን ቀና አድርጊ፣ የኩባያውን ጠርዝ የታች ከንፈሩ ላይ አሳርፊ፣ ወተቱ ከንፈሩን ይንካው እንጂ አታፍስሺበት፤ ራሱ ይልሰዋል። ከዚህ የሚሻለው ቀጭን የመመገቢያ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ከጡት ጫፍሽ ጋር በፕላስተር አያይዢ፣ ሌላውን ወተቱ ውስጥ ክተቺ፤ ሕፃኑ ሲጠባ ከሁለቱም ያገኛል፣ ጡትሽም መሳቡን አያጣም።

ካጠባሽ በኋላ በማለቢያ ማሽን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማለብ ምርቱን ያነሳሳል። ኃይሉን እስከ ጥግ መጨመር ወተት አይጨምርም፣ ያቆስላል እንጂ። አብሽና አጥሚት ከወደድሽ ጠጪ፤ አጥሚቱ ያበረታሻል፣ አብሽ ግን የተቆረጠ ቱቦ አይከፍትም፤ የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ስኳርሽን ሊያወርደው ስለሚችል ሐኪምሽን ጠይቂ።

አደጋው ሲመጣ

ጡትሽ በአንድ በኩል ቀልቶ ከተቆጣ፣ ብርድ ብርድ ካለሽና ትኩሳትሽ 38.5 ከደረሰ ማጥባቱን አታቁሚ። በረዶ ያዢ፣ ኢቡፕሮፌን ውሰጂ፣ ሕፃኑ በሚፈልገው ልክ አጥቢ። ጡቱን አጥብቆ ማሸት እብጠቱን ያባብሳል፤ የምታሽ ዘመድ ብትመጣም አመስግነሽ መልሻት። በ24 ሰዓት ካልተሻለሽ ፀረ ባክቴሪያ ያስፈልጋል፤ የሚያጠቡ እናቶች የሚወስዱት አለና ጡት እንደምታጠቢ ተናገሪ። መግል ከያዘና በመርፌ ይቀዳ ከተባለ በአልትራሳውንድ እየታየ ካልሆነ አትፍቀጂ፤ በጭፍን የገባ መርፌ ሲሊኮኑን ይበሳዋል። አንዱ ጡት እየጠነከረ ከሄደ፣ ቅርጹ በድንገት ከተለወጠ ወይም በቀናት ውስጥ ከሟሸሸ ሐኪም ይየው።

ጡት ስታስጥዪ ቀስ በቀስ፣ በየጥቂት ቀኑ አንድ ጊዜ እየቀነስሽ ይሁን። ሲሊኮኑን ለመቀየር ወይም ጡትሽን ለማስነሣት ካሰብሽ ወተቱ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ቆዪ፤ ዕጢው እየሟሸሸ ስለሆነ ዛሬ የተለካው ቅርጽ ያኔ ሌላ ይሆናል። ሌላ ልጅ በቅርቡ ካሰብሽ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን ከሱ በኋላ አድርጊው።